አራተኛው ቅርጽ ላይ ያቆሙ ልጆች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ አንድ ወንበርና አንድ ትእዛዝ ነው። ወንበሩ ለሕፃን የተሠራ ስለነበር ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ምንም አልቀረው። ትእዛዙን የሰጠችኝ የክፍሉ ኃላፊ ኦርና ናት፤ ሙያዋ የልጆች ሥነ ልቦና ነው። «ትርንጎ፣ እዚህ የምትሠሪው መተርጎም ብቻ ነው። እኔ ያልኩትን ለልጁ ትነግሪዋለሽ፣ ልጁ ያለውን ለእኔ ትነግሪኛለሽ። ከራስሽ ምንም አትጨምሪ» አለችኝ። ቤሴደር፣ እሺ አልኳት። ያቺን «ቤሴደር» ዛሬም ሳስባት ታንገበግበኛለች።

ቢሮው እስራኤል ውስጥ፣ አፉላ መሀል ከተማ ከባንኩ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው። ከጎንደርና ከጎጃም አዳዲስ ቤተሰቦች እየመጡ አፉላ ኢሊት ዳገቱ ላይ ይሰፍሩ ነበር። ልጆቻቸው ጋን፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት ይገባሉ። ጋኔኔቷ፣ ማለት የመዋዕለ ሕፃናቱ መምህርት፣ «ይህ ልጅ ይታይልኝ» ካለች ወደ እኛ ይላካል። እኛ ደግሞ በእርሳስና በወረቀት እንመዝነዋለን።

ፈተናው ዐይንና እጅ አብረው መሥራታቸውን የሚያሳይ ነው። በደብተሩ ገጽ ላይ ከላይ አንድ ቅርጽ፣ ከታች ባዶ ሳጥን አለ። ልጁ የላዩን አይቶ ሳጥኑ ውስጥ ይሥለዋል። አንደኛው የቆመ መስመር ነው። ሁለተኛው የተኛ መስመር ነው። ሦስተኛው ክብ ነው። አራተኛው የቆመውና የተኛው መስመር መሀል ለመሀል የሚቋረጡበት ነው። አምስተኛው እንደዚያው ሆኖ ያዘመመ ነው፤ ስድስተኛው ሦስት መስመር አንድ ነጥብ ላይ የሚቋረጥበት ነው። ከዚያ ካሬ፣ ሦስት ማዕዘን እያለ እየከበደ ይሄዳል።

አራተኛው ምን እንደሆነ እናንተ አሁን ስታነቡ ሳታውቁት አልቀራችሁም። እኔ ግን ስንት ጊዜ ገልጬ አሳይቼው አላየሁትም።

ሕጉ ጥብቅ ነበር። ላጲስ አይሰጥም። ደብተሩ አይዞርም። ልጁን «ጎበዝ» ማለት ክልክል ነው። ልጁ ሦስት ቅርጽ በተከታታይ ካበላሸ ወይም ካልሣለ ፈተናው እዚያ ላይ ይቆማል፤ የቀሩት ገጾች አይገለጡም። ከዚያ የተሣሉት ይቆጠሩና ከሠንጠረዥ ላይ የእጁ ዕድሜ ይነበባል። የአምስት ዓመት ልጅ ሦስት ቅርጽ ብቻ ሥሎ ካቆመ ሠንጠረዡ የሦስት ዓመት ሕፃን ያደርገዋል።

ሥራውን ወደድኩት፣ ለምን እዋሻለሁ። ትርጉም ስሠራ ቆይቼ የስድስት ወር ኮርስ ላኩኝና ረዳት ፈታኝ ሆንኩ። ማስመሪያና ፕሮትራክተር የያዘ የራሴ ቦርሳ ተሰጠኝ። ማታ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ የልጆችን ሦስት ማዕዘን እየለካሁ ነጥብ ስሰጥ ራሴን መሐንዲስ አድርጌ ነበር የማየው። ባለቤቴ «ደግሞ የማንን መሬት ልትቀሚ ነው?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

አንድ ቀን ከኦርና ጋር በሌላ ፈተና ተጣላን። ልጆቹን ሰው ሣሉ እንላቸዋለን፣ የሣሉትንም የሰውነት ክፍል እየቆጠርን ነጥብ እንሰጣለን። አንዲት ልጅ እናቷን ሣለች፤ ረጅም ቀሚስ እስከ ወረቀቱ ጫፍ ድረስ። «እግሯስ የታለ?» አለች ኦርና። «ከቀሚሱ ሥር ነዋ» አልኳት። «ያላየሁትን አልቆጥርም» ብላ ሁለት ነጥብ ቀነሰች። ሳቅኩ። መሳቅ አልነበረብኝም። ያኔ ነበር ጠረጴዛ መምታት የነበረብኝ።

እያደር አንድ ነገር አየሁ። የአዲሶቹ ቤተሰብ ልጆች አራተኛው ላይ ያቆማሉ። ሁሉም አይደሉም፣ ግን ብዙዎቹ። መስመሩን አሳምረው፣ ክቡን አሳምረው ይሥሉና አራተኛው ገጽ ሲገለጥ እርሳሱ ይቀመጣል። «ሣል የኔ ልጅ» ስትሉት ጣራ ያያል። አምስተኛውም ያው፣ ስድስተኛውም ያው። ሦስት ሆነ፣ ደብተሩ ተዘጋ።

ኦርናን ጠየቅኳት። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። «ቤታቸው እርሳስ የለም ትርንጎ። የሁለት መስመር መቋረጥ ለአንጎል የመጀመሪያው ከባድ ነገር ነው። መጽሐፉ ላይ አለ» አለችኝ። እውነትም መጽሐፉ ላይ አለ። አመንኳት፣ ሦስት ሦስት እያልኩ ጻፍኩ። የጻፍኩባቸው ልጆች ከከተማው ዳር ወዳለው የልዩ ትምህርት ጋን ሄዱ።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩ የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል። እኔ ከወገራ በወጣትነቴ የመጣሁ የቤተ እስራኤል ልጅ ነኝ። አዲሶቹ ቤተሰቦች ደግሞ ዘራቸው ከእኛው ሆኖ አገር ቤት ክርስቲያን ሆነው የኖሩ፣ እዚህ መጥተው ጊዩር፣ ማለት ወደ አይሁድነት የመግቢያውን ትምህርት የሚማሩ ናቸው። የእኛ ሰዎች «ዘግይተው የመጡት» እያሉ ያሟቸው ነበር። እኔም አፍ አውጥቼ ባልልም በልቤ ያው ነበርኩ። በእናቴ ቤት መስቀል ተሰቅሎ አያውቅም፤ ስለዚህ የሚወርድም የሚደበቅም አልነበረም። እነሱ የሚፈሩትን እኔ እንድፈራው የሚያደርገኝ ምንም ነገር አልነበረኝም።

ምንትዋብ የመጣችው በክረምት ነው። አምስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ጋን ውስጥ አትናገርም ተብላ ነው የተላከችው። ገና ገብታ ሳትቀመጥ የቦርሳዬን ገመድ መፈታት አይታ በሁለት ጣቷ ቋጥራ ሰጠችኝ። ቋጠሮው ጥርት ያለ ነበር። ይህን ብቻ ባስተውል ኖሮ።

መስመሩን ሣለች። ሁለተኛውን ሣለች። ክቡን ስትሥል ጫፍና ጫፉ የት እንደተጋጠመ አይታይም ነበር። አራተኛውን ገለጥኩ። እርሳሱን ከደብተሩ ጎን አስተካክላ አስቀመጠችና እጆቿን ከጭኗ ሥር ከተተች። አምስተኛውን ገለጥኩ፤ ራሷን ነቀነቀች። ስድስተኛውን ገለጥኩ፤ ዐይኗን ጨፈነች። ደብተሩን ዘጋሁ። ያኔ ዐይኗን ገልጣ ፈገግ አለችልኝ፣ ጥርሷ ሁሉ እስኪታይ። እኔ ምን ብዬ ጻፍኩ? «ያለ ምክንያት ትስቃለች።» በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ።

በሳምንቱ ጋኔኔቷ ሲማ ደወለችልኝ። ሲማ ሠላሳ ዓመት በልጆች መሀል የኖረች፣ ለማንም የማትመለስ ሴት ናት። «ሦስት ዓመት ብለሽ የጻፍሽው ስለዚችው ልጅ ነው? በመቀስ ከክፍሉ ሁሉ አስበልጣ የምትቆርጠው እኮ ናት። ትርንጎ፣ እዚያ ፎቅ ላይ ምንድን ነው የምትሠሩት?» አለችኝ። ልጆች የት እንደሚማሩ የሚወስነው የምደባ ኮሚቴ ሊሰበሰብ አራት ቀን ቀርቶት ነበር።

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዤ አፉላ ኢሊት ወጣሁ። ያለ ኦርና ፈቃድ የልጅ ቤት መሄድ ክልክል ነበር፤ ሄድኩ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰሩ አይሠራም። እናቷ የሺ በሩን ከፈተችልኝ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ አስራዋለች። አባቷ ፈንቴ ከኢንዱስትሪ ቀጠናው የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ገና መግባቱ ነበር፤ የፋብሪካ ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ምንትዋብ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የአሻንጉሊት ፀጉር ትሠራለች፣ ሹሩባ።

ደብተሩን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «የሺ፣ ልጅሽ እዚህ ገጽ ላይ ስትደርስ እጇን ሰበሰበችብኝ። ምን ሆና ነው?» አልኳት።

የሺ አየችው። መዳፏን ገጹ ላይ ጭና ሸፈነችው። ቀጥላ ወደ መስኮቱ አየች፣ በአራተኛ ፎቅ ሰው የሚያይ ይመስል።

«እትየ ትርንጎ፣ ልጀን ይኸን ሣይ ነው ያላችኋት?»

«አዎ።»

«ኸረ ምን በደልናችሁ?»

ሻሿን በአውራ ጣቷ ከፍ አደረገችው። ግንባሯ መሀል የተነቀሰው መስቀል አረንጓዴ ሆኖ ቁልጭ ብሏል። «በልጅነቴ እናቴ ናት ያስነቀሰችኝ። የሚያስተምሩን ሰውየ ምንም አላሉኝም፣ ሐቁን ልናገር። እኔ ግን እዚህ ከገባሁ ወዲህ ሻሼን አውርጀ ነው የምሄድ። ማተባችንን በጠስን፤ ከቤታችን የጠረግነው ይኸን ነበር። እናንተ ለልጄ በእርሳስ መልሳችሁ ሰጣችኋት።»

ፈንቴ ነው የቀጠለው። «እኔ ነኝ ያልኳቸው እትየ። ልጆቹን ሰብስቤ፣ የጊዩሩ ኮሚቴ ፊት የምንቀርብበት ቀን ደርሷል፣ ይህን ምልክት በአሸዋም እንዳትሥሉ፣ የሚፈትናችሁ ሰው ብዙ ነው አልኳቸው።»

ምንትዋብ አሻንጉሊቱን እንደያዘች ቀና አለች። «አባ፣ ሦስት ጊዜ አሳየችኝ። አንዱንም አልሣልኩም» አለችው። በኩራት ነው ያለችው።

ያች ፈገግታ ምን እንደነበረች ያኔ ገባኝ። ልጅቱ ፈተናውን ያለፈች መስሏት ነበር። አባቷ የነገራትን ሰው ፊት ለፊት አግኝታ፣ ሦስት ጊዜ አሸንፋኝ ነው የሄደችው። እኔ ደግሞ ዘገምተኛ ናት ብዬ ፈረምኩባት። ተናደድኩ። በራሴም፣ በኦርናም፣ ያንን ደብተር ባዘጋጀው ሰውም።

በማግስቱ ኦርና ክፍል ሳላንኳኳ ገባሁ። ነገርኳት። ሰማችኝ፤ መስማትስ ሰማችኝ። «የምንፈትነው እጇን ነው እንጂ ሃይማኖቷን አይደለም። የገጾቹን ቅደም ተከተል ከቀየርን ውጤቱ ዋጋ የለውም» አለችኝ።

«አሁን ያለውስ ዋጋ አለው?»

«መጽሐፉ—»

«መጽሐፉን ተይው። የልጅ ልጅሽ አንደኛ ክፍል ነው አይደል? የሒሳብ ደብተሩ ላይ የመደመር ምልክት እንዴት ነው የሚጻፈው?»

የልጅ ልጇ የሚማረው በሃይማኖተኞቹ ትምህርት ቤት መሆኑን አውቃለሁ፤ እዚያ የመደመር ምልክት የታችኛው እግር የለውም። መስቀል እንዳይመስል ተብሎ ነው የተቆረጠው። በአገሩ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ማንም ልብ ብሎ አያየውም እንጂ።

«እናንተ ልጃችሁ እንዳይጽፈው ብላችሁ ከሒሳብ ላይ እግር ቆርጣችኋል። የእኛዋን ልጅ ግን ስላልጻፈችው ዘገምተኛ ትሏታላችሁ» አልኳት። ድምፄ እስከ ኮሪደሩ ተሰምቶ ነበር። ጸሐፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አየችንና መልሳ ዘጋችው።

ኦርና ጉንጯ ቀላ። «ወላጆቹ ልጅቱ ያልሣለችው በሃይማኖት ምክንያት ነው ብለው ይፈርሙልኝ። ያኔ ፋይሉን እከፍታለሁ» አለች። ለእሷ ቀላል ነገር ነበር፤ አንድ ወረቀት።

ዳገቱን መልሼ ወጣሁ። ፈንቴ ወረቀቱን በእጁ እንኳ አልነካውም። «እትየ፣ የሚሉኝን ሁሉ አደርጋለሁ፣ ይህን ግን አልፈርምም። ወረቀት ይዞራል። የእነ ፈንቴ ልጅ ስለ መስቀል እንዲህ ሆነች የሚል ጽሑፍ ነገ የጊዩሩ ኮሚቴ ጠረጴዛ ላይ ቢገኝ ማን ያስረዳልኛል? እናቴ ገና ጎንደር ተቀምጣ ለመምጣት የእኔን ጊዩር ማለቅ ነው የምትጠብቅ» አለኝ። የሺ ታለቅስ ነበር። «እንግዲያ ልጄን ይውሰዷት?» አለችው። እሱም ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ነው።

ኮሚቴው ያንን ወረቀት ያየው ነበር ወይ? አያየው ይሆናል። የሚያስተምሯቸው ሰው ያስረዱለት ነበር ይሆናል። ግን ፍርሃቱን የምሸከመው እኔ ስላልነበርኩ፣ ተወው ማለት የእኔ ድርሻ አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ሲማ ጋን ሄድኩ። አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ገጾችን በወረቀት መቆንጠጫ አንድ ላይ ቆነጠጥኳቸው። ምንትዋብን አስቀምጬ ሰባተኛውን ገለጥኩላት፣ ካሬውን። አየችው፣ እኔንም አየችኝ። «ይህን ይሥሉታል?» አለችኝ። «ይሥሉታል የኔ እመቤት፣ አባባም ፈቅዷል» አልኳት። ምላሷን ከከንፈሯ ጥግ አውጥታ ሣለችው። ሦስት ማዕዘኑንም ሣለችው። ከእሷ የሚበልጡ ልጆች የሚሳሳቱበትን፣ ጎኑ ያዘመመውን ባለ አራት ማዕዘንም ሣለችው። ቢሮ ገብቼ በፕሮትራክተር ለካሁት። አንድ ነጥብ የምቀንስበት አጣሁ።

ከዚያ የሪፖርቱን ወረቀት አወጣሁና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በመጀመሪያው ፈተና ፈታኟ ማቆም ከማይገባት ቦታ አቁማለች። ስህተቱ የፈታኟ ነው። ልጅቱ በድጋሚ ተፈትናለች።» ስለ መስቀል አንዲት ቃል የለበትም። ፈረምኩበት።

ኦርና አነበበችው። «ይህ ፋይልሽ ውስጥ እንደሚገባ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት።

የምደባ ኮሚቴው ኢሪያው፣ ማለት ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ተቀመጠ። ሰብሳቢው ወረቀቱን አገላበጠና «ምን ዓይነት ስህተት ነው?» አለ።

«ማየት የነበረብኝን አላየሁም» አልኩ።

«ብቁ ፈታኝ ነሽ?»

«ያን ቀን አልነበርኩም።»

ወደ ኦርና ዞረ። ኦርና እስክሪብቶዋን አሽከረከረች፤ የመስቀሉን ነገር ልትናገር ነው ብዬ ፈራሁ። «ሁለተኛውን ውጤት እቀበላለሁ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሲማ ምንትዋብ የቆረጠቻቸውን ወረቀቶች ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በተነቻቸው። ልጅቱ ባለችበት ጋን እንድትቀጥል ተወሰነ።

እኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ፣ ለአንድ ዓመት ከመፈተን ታገድኩ። ተመልሼ እዚያችው የሕፃን ወንበር ላይ ተቀምጬ መተርጎም ጀመርኩ። እነ ፈንቴ ጊዩራቸውን ጨረሱ። እናቱም መጡ፤ ሄጄ እንኳን ደህና መጡ አልኳቸው።

ይህን ሲሰሙ «እሰይ፣ በደግ አለቀ» የሚሉኝ አሉ። አላለቀም። ከምንትዋብ በፊት የፈተንኳቸው ልጆች አሉ። ስማቸውን አልጽፍም እንጂ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ፋይላቸው እንዲከፈት ኦርናን ለመንኳት። «የተዘጋ ፋይል በእኔ ፊርማ አይከፈትም፤ ሁሉንም ልክ አልነበረም ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ። አዎ፣ ጻፊ አልኳት። አልጻፈችም። ወደ መፈተን ስመለስ «ከእነዚህ ልጆች ጋር ሦስቱን ዝለያቸው» አለችኝ፣ በቃል። በጽሑፍ ስጪኝ ብላት አልሰጠችኝም። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ያቺ መቆንጠጫ ከቦርሳዬ ተለይታ አታውቅም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የሰገነቴን በር ላስቀይር ከኢንዱስትሪ ቀጠናው የአሉሚኒየም ባለሙያ ጠራሁ። የመጣው የእኛ ልጅ ነው፣ ከወታደርነት የተመለሰ፣ ቁመቱ መለል ያለ። ለካና ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎ በሩን ሣለልኝ፣ መሀሉ ላይ የሚቋረጡትን ሁለት ዘንጎች ሳይቀር። ማስመሪያ አልያዘም። መስመሮቹ መሀል ለመሀል ተቋረጡ። ወረቀቱ ግርጌ ስሙን ሲጽፍ አነበብኩት፤ አንድ በአንድ ከማውቃቸው ስሞች አንዱ ነው።

«ጋን የት ነበርክ ልጄ?» አልኩት።

«እኔ? ሚዩሐድ ነበር የላኩኝ፣ የልዩ ትምህርቱ። ከዛም ትምህርት ቤቱ እዛው ነበር። አራት ዓመት። እማ ለምን እንደሆነ አላወቀችም» አለኝ፣ እየሣቀ።

«እኔ ነኝ የላክሁህ» አልኩት። ስለ አራተኛው ቅርጽ፣ ስለ ሦስቱ ገጾች ሁሉን ነገርኩት። መሣቁን አቆመ። የሣለውን ወረቀት መልሶ አየው።

«እኔ እኮ እችል ነበር» አለ። «አባ አይቻልም ብሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ያኔ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

በሩን በሳምንቱ መጥቶ ገጠመው፣ አሳምሮ ነው የገጠመው። ሻይ አቀረብኩለት፣ አልጠጣም።

እናንተ አሁን በሥራው ላይ ያላችሁ፣ ልጅ እርሳሱን ሲያስቀምጥ ዜሮ አትጻፉ። መጀመሪያ ለምን እንዳስቀመጠ ጠይቁት፤ ካልነገራችሁ ቤቱ ሄዳችሁ እናቱን ጠይቁ።